የተሰረዘ ዕዳ ገቢ የሚሆነው መቼ ነው? መክፈል ያቃተው ተበዳሪ በአሜሪካ የግብር ሕግ ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። አንድ ሰው ገንዘብ ይበደራል፤ ሥራው አልሳካ ይለውና መክፈል ያቅተዋል፤ አበዳሪው ባንክም ከእርሱ የሚያገኘው ነገር እንደሌለ ሲረዳ ዕዳውን ይሰርዝለታል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ «የተሰረዘልህ ዕዳ ገቢህ ነውና ግብር ክፈልበት» ይለዋል። በእጁ አንድ ሳንቲም ያልገባ፣ መክፈያ በማጣቱ ብቻ ምሕረት የተደረገለት ሰው ገቢ አገኘ የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

በአሜሪካ የፌዴራል የግብር ሕግ ይህ ጥያቄ ወደ አንድ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። ሕጉ ዛሬ የሚሰጠው መልስ በሁለት ሐሳብ ይጠቃለላል፦ የተሰረዘ ዕዳ በመርሕ ደረጃ ገቢ ነው፤ ነገር ግን ተበዳሪው ዕዳው ከሀብቱ የበለጠበት ከሆነ፣ በበለጠበት መጠን ከግብሩ ይድናል። የሕግ ተማሪ ይህን ደንብ በአንድ ቀን ያጠናዋል። እኔ ግን ደንቡ ከየት እንደመጣና በመንገዱ ላይ ምን እንደጣለ ማሳየት እፈልጋለሁ። መከራከሪያዬ እንዲህ ነው፦ ሕጉ «ይህ ሰው ምን አተረፈ?» ከሚል ጥያቄ ተነሥቶ «ይህ ሰው መክፈል ይችላል ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ተሸጋግሯል። ሽግግሩ የተደረገው በምሕረት ስም ነው፤ ሆኖም «የሌለው» የሚባለው ማን እንደሆነ የሚለካበት ሚዛን አብሮ ተለወጠ፤ በቀድሞዎቹ ዳኞች ሚዛን ይድኑ የነበሩ አንዳንድ ሰዎችም በአዲሱ ሚዛን ውጪ ቀሩ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ብድር ለምን ገቢ አይሆንም?

መሠረቱን እንያዝ። 100,000 ዶላር የተበደረ ሰው በዚያው ቅጽበት የ100,000 ዶላር ዕዳ ይሸከማል። የተቀበለውና የተሸከመው እኩል ስለሆኑ ሀብቱ አልጨመረም፤ ስለዚህ ብድሩን ሲቀበል ግብር አይጠየቅም። ብድሩን ሲመልስም የመለሰውን ገንዘብ ከገቢው ላይ እንዲቀንስ አይፈቀድለትም። ሒሳቡ በሁለቱም ጫፍ ይዘጋል።

ዕዳው ሳይከፈል ከተሰረዘ ግን ሒሳቡ በአንድ ጫፍ ክፍት ይቀራል። ይህን ክፍተት ለመግለጽ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዓይኑን የሚጥለው ዕዳው በተሰረዘበት ቀን ላይ ነው፦ ትናንት በዕዳ ተይዞ የነበረ ሀብት ዛሬ ነጻ ወጥቷል፤ ስለዚህ ነጻ በወጣው መጠን ሰውየው በልጽጓል። ሁለተኛው ወደ ኋላ ይመለከታል፦ ገንዘቡ ያን ጊዜ ያለ ግብር የተሰጠው ይመልሰዋል ተብሎ ነበር፤ እንደማይመልሰው ከታወቀ ያን ጊዜ የተተወው ግብር አሁን ይጠየቃል። ሁለቱ መንገዶች በአብዛኛው ወደ አንድ መልስ ያደርሳሉ። ዕዳው ከሀብቱ በበለጠበት ሰው ላይ ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያው መንገድ ለሌሎች አበዳሪዎች እንደተያዘ የቀረ ሀብት ነጻ ወጣ ሊባል ስለማይችል ግብር የለም። በሁለተኛው መንገድ ግን ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ተጠቅሞበታልና ዛሬ ድሃ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ታሪኩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ዙሪያ ነው።

የማርኩ ብድርና የእንጨቱ ኩባንያ

የፌዴራሉ የገቢ ግብር በ1913 በጸደቀው 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ሲቆም፣ «ገቢ» ምን እንደሆነ የተብራራ ነገር አልነበረም። በ1920 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገቢን ከካፒታል፣ ከጉልበት ወይም ከሁለቱ የሚመነጭ ትርፍ አድርጎ ገለጸው። የተሰረዘ ዕዳ በዚህ አገላለጽ ውስጥ በቀላሉ የሚገባ አይደለም።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና በ1926 መጣ። ከርባው ኤምፓየር የተባለ ኩባንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዶይቸ ባንክ በጀርመን ማርክ የሚከፈል ብድር ወስዶ ነበር። የተበደረውን ገንዘብ ያዋለበት የግንባታ ሥራ ከሰረ። ከጦርነቱ በኋላ የማርክ ዋጋ ወደቀ፤ ኩባንያውም በ1921 ብድሩን ሲከፍል የከፈለው በዶላር ሲሰላ ከተበደረው በ684,456 ዶላር ያነሰ ሆነ። መንግሥት ልዩነቱ ገቢ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን ከብድሩ እስከ መክፈያው እንደ አንድ ሥራ ተመለከተው፤ በጠቅላላው ኩባንያው የከሰረ በመሆኑም፣ የኪሳራ መጠን መቀነስ ትርፍ አይባልም ሲል ወሰነ።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ሌላ ጉዳይ ቀረበ። ከርቢ የተባለው የእንጨት ኩባንያ በ1923 12,126,800 ዶላር የሚያወጡ ቦንዶችን ሸጦ ሙሉ ዋጋቸውን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ከቦንዶቹ አንዳንዶቹን ከገበያ ላይ ከዋጋቸው ባነሰ ገንዘብ መልሶ ገዛቸው፤ ልዩነቱ 137,521 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነበር። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ናቸው። በ90 ዓመታቸው፣ ከፍርድ ቤቱ ሊሰናበቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ከአንድ ገጽ ብዙም በማይዘል ጽሑፍ ጉዳዩን ዘጉት። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ኩባንያው ቦንዶቹን ሲገዛ፣ ቀድሞ በዕዳ የተያዘ 137,521 ዶላር የሚያወጣ ሀብት ነጻ ወጣ፤ እንደ ከርባው ኤምፓየር የሟሟ ሀብት የለም፤ ስለዚህ ግልጽ ትርፍ አግኝቷል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ሆምዝ ከሁለቱ መንገዶች የመጀመሪያውን መምረጣቸውን ነው። ግብሩን ያጸደቁት ገንዘቡ ያን ጊዜ ያለ ግብር ተገኝቶ ነበር በሚል ምክንያት አይደለም፤ ሀብት ነጻ ወጥቷል በሚል ነው። ዛሬ ያሉ የግብር ሕግ ምሁራን አብዛኞቹ ሁለተኛውን መንገድ የተሻለ ማብራሪያ አድርገው ይወስዱታል። በ1930ዎቹ የነበሩት ዳኞች ግን በእጃቸው የነበረው የሆምዝ አባባል ነበር፤ በዚያ ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን በፊታቸው የሚቆሙት ተበዳሪዎችም እንደ ከርቢ ጤናማ ሀብት የነበራቸው አልነበሩም።

ዳኞች የከፈቱት በር

በ1934 በዳላስ ይሠራ የነበረ የመጋዘን ኩባንያ ጉዳይ ወደ አምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኩባንያው መክፈል ስላቃተው ለአበዳሪው መሬት አስረክቦ ዕዳው ተሰረዘለት። ከስረዛው በፊት ዕዳው ከሀብቱ ይበልጥ ነበር፤ ከስረዛውም በኋላ እንደዚያው ነበር። ፍርድ ቤቱ የሆምዝን አባባል በዚህ ኩባንያ ላይ ሲሞክረው አልገጠመለትም። ያለው ሁሉ አሁንም የሌሎች አበዳሪዎች መያዣ ከሆነ ነጻ የወጣው የቱ ነው? ነጻ የወጣ ከሌለ ገቢም የለም። ዳኞቹ ሁኔታውን በመክሰር ሕግ መሠረት ዕዳው ከተሰረዘለት ሰው ሁኔታ ጋር አመሳሰሉት።

በ1937 የግብር ይግባኝ ቦርድ ደንቡን አንድ ደረጃ አራመደው። ሌክላንድ የተባለ የሸቀጣ ሸቀጥ ኩባንያ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳው በከፊል ሲሰረዝለት፣ ከስረዛው በፊት ዕዳው ከሀብቱ ይበልጥ የነበረ ቢሆንም ከስረዛው በኋላ ሀብቱ ከዕዳው በለጠ። ቦርዱ ስረዛውን ለሁለት ከፈለው፦ ኩባንያውን ከጉድጓዱ እስከ አፋፍ ያወጣው ክፍል ግብር የለበትም፤ ከአፋፉ በላይ ያደረሰው ክፍል ግን ገቢ ነው። ዛሬ በሕጉ ላይ የሚገኘው የ«በበለጠበት መጠን» አሠራር ሥሩ ይህ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ በ1940 መጣ፤ ለዛሬው መከራከሪያዬ ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። አንድ ተበዳሪ የሕይወት መድን ነበረው፤ መድኑ ያጠራቀመውን ዋጋ አበዳሪዎች እንዳይነኩት ሕግ ይከለክል ነበር። ዕዳው ሲሰረዝለት ይህ የመድን ዋጋ ከሀብቱ ጋር ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? ቦርዱ አይቆጠርም አለ። ምክንያቱ ከሆምዝ አባባል በቀጥታ የሚወጣ ነው፦ አበዳሪ ሊነካው የማይችል ሀብት በዕዳው መሰረዝ ነጻ ሊወጣ አይችልም፤ ቀድሞውንም ነጻ ነበርና።

እንግዲህ በ1940 ዳኞች ያበጁት ደንብ ምሉዕ ነበር። ማንም «ምሕረት» ብሎ አልጠራውም። ዳኞቹ ለድሃው አዝነው ግብር የማሩ አልነበሩም፤ ትርፍ ፈልገው ስላጡ ብቻ ግብር የለም አሉ። ይሁን እንጂ ይህ ደረቅ አመክንዮ ሰውን ከእነ መሠረታዊ ንብረቱ ይተወው ነበር።

ኮንግረስ ሲገባበት

ሕግ አውጪዎቹ ወደ ጉዳዩ የገቡት ለኩባንያዎች ሲሉ ነው። በ1938 የወጣው የቻንድለር ሕግ፣ በመክሰር ሕግ ሥር እንደገና ለሚደራጁ ኩባንያዎች የተሰረዘ ዕዳ ገቢ እንዳይሆን ደነገገ፤ በምትኩ የንብረታቸው የግብር መነሻ ዋጋ በተሰረዘው ልክ እንዲቀነስ አዘዘ። መነሻ ዋጋ ማለት ንብረቱ ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላበት፣ በየዓመቱም የእርጅና ቅናሽ የሚወሰድበት ቁጥር ነው። እርሱ ዝቅ ሲል የወደፊቱ ግብር ከፍ ይላል። ስለዚህ መንግሥት ግብሩን ጨርሶ አልተወውም፤ ቀኑን አራዘመው እንጂ። ቅነሳው መነሻ ዋጋን ከልክ በላይ የሚያወርድ ሆኖ ስለተገኘ፣ በ1940 ከንብረቱ የገበያ ዋጋ በታች እንዳይወርድ ተደረገ።

በ1939 ኮንግረስ ከመክሰር ፍርድ ቤት ውጪ ላሉ፣ የገንዘብ አቋማቸው ለተናጋ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ምርጫ ሰጠ። በ1942 ደግሞ አቋማቸው የተናጋ መሆን አለበት የሚለውን መስፈርት አነሣው። በዚህ መንገድ ለችግረኛ ኩባንያ ተብሎ የተጀመረው እፎይታ ለጤናማውም ተረፈ። ይህ ሥርዓት በ1954ቱ የግብር ሕግ ክፍል 108 እና ክፍል 1017 ውስጥ ተካተተ። ከሥርዓቱ ውጪ የቀረው ተበዳሪ፣ በተለይም ግለሰቡ፣ ዳኞች በ1930ዎቹ በከፈቱት በር መጠቀሙን ቀጠለ።

የ1980ው ሕግ

በ1978 አሜሪካ አዲስ የመክሰር ሕግ አወጣች፤ የፌዴራል ግብሩ ጉዳይ ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ያን ክፍተት የሞላው በታኅሣሥ 1980 የጸናው የመክሰር ግብር ሕግ ነው። ዛሬ የምንሠራበት ክፍል 108 በአብዛኛው የዚህ ሕግ ልጅ ነው።

ሕጉ አራት ነገሮችን አደረገ። አንደኛ፣ በመክሰር ፍርድ ቤት የተሰረዘ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከገቢ እንዲወጣ ፈቀደ። ሁለተኛ፣ ከፍርድ ቤት ውጪ ለተሰረዘ ዕዳ፣ ተበዳሪው ዕዳው ከሀብቱ በበለጠበት መጠን ብቻ ከገቢ እንዲወጣ ፈቀደ፤ መጠኑም ዕዳው ከመሰረዙ በፊት ባለው ቅጽበት፣ ጠቅላላ ዕዳው ከሀብቱ የገበያ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ይለካል። ሦስተኛ፣ ከገቢ በወጣው ልክ ተበዳሪው ለወደፊት ያስቀመጣቸውን የግብር ጥቅሞች እንዲያጣ አዘዘ፤ ከእነዚህ ውስጥ የተላለፈ የንግድ ኪሳራና የንብረት መነሻ ዋጋ ይገኛሉ። አራተኛ፣ በጽሑፍ ከተደነገገው በቀር መክፈል ላልቻለ ሰው ሌላ የተለየ ደንብ እንደማይኖር ተናገረ። ይህ አራተኛው ድንጋጌ ዳኞች የከፈቱትን በር ዘግቶ ቁልፉን ለኮንግረስ አስረከበ።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። የአንዲት ሴት ሀብት 100,000 ዶላር፣ ዕዳዋ 130,000 ዶላር ነው እንበል። ባንኩ ከዕዳዋ 50,000 ዶላር ሰረዘላት። ከስረዛው በፊት ዕዳዋ ከሀብቷ በ30,000 ዶላር ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ 30,000 ዶላሩ ከገቢ ይወጣል፤ 20,000 ዶላሩ ግን እንደ ደመወዝ ሁሉ ግብር ይከፈልበታል። ለ30,000ውም ቢሆን የተላለፈ ኪሳራ ወይም ሌላ የግብር ጥቅም ካላት በዚያው ልክ ይቀነስባታል። ከዚህ ሁሉ ምንም የሌላት ከሆነች የሚቀነስባት ነገር ስለማይኖር ይቅርታው በተግባር ዘላቂ ይሆናል። ይህን ሁሉ የምታስታውቀው ቅጽ 982 በተባለው ሰነድ ነው።

የሕጉን ዓላማ የኮንግረሱ ኮሚቴ ዘገባዎች ይገልጹታል፦ ከዕዳ የወጣ ሰው አዲስ ሕይወት ሲጀምር ወዲያውኑ የሚከፈል ግብር እንዳይጫንበት ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት የቁራኛ ሥርዓት ነበር፤ «የዕዳ ቁራኛ» የምንለውም ከዚያ የቀረ አነጋገር ነው። የ1980ው ሕግ ዓላማ በዚህ አነጋገር ቢገለጽ፣ ባንኩ የፈታውን ሰው ግምጃ ቤቱ መልሶ ቁራኛ እንዳያደርገው ነው። የተበላሸ ብድሩን አበዳሪው ከገቢው ላይ ሊቀንስ እንደሚችልም እናስታውስ። የተበዳሪው ግብር ከሌለው ላይ ቢጠየቅ ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው በቀሩት አበዳሪዎች ላይ ነው፤ መንግሥት ከእነርሱ ጋር ለዚያችው ጥቂት ሀብት ይሻማልና።

እንግዲህ ጥያቄው ተለውጧል። ሆምዝ የጠየቁት «ምን ነጻ ወጣ?» ብለው ነበር። የ1980ው ሕግ የሚጠይቀው «ግብሩን አሁን መክፈል ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ሕጉ «ሀብት» የሚለውን ቃል ግን ሳይተረጉመው አለፈ።

በ2001 የተሰጡ ሁለት ውሳኔዎች

የዚህ ዝምታ ዋጋ የታየው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ2001 የግብር ፍርድ ቤቱ የአንድ የአላስካ ዓሣ አጥማጅ ባልና ሚስት ጉዳይ ተመለከተ። በብድር የተገዛችው ጀልባቸው በባንኩ ተወስዳ ተሸጠች፤ ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳም ተሰረዘላቸው። ከሀብታቸው ትልቁ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዳቸው ነበር፤ ፈቃዱ የእንጀራቸው ምንጭ በመሆኑ የግዛቲቱ ሕግ ከአበዳሪዎች እጅ ይጠብቀዋል። ፈቃዱ ከተቆጠረ ሀብታቸው ከዕዳቸው ይበልጣል፤ ካልተቆጠረ ዕዳቸው ከሀብታቸው ይበልጣል። ባልና ሚስቱ የ1940ውን የሕይወት መድን ውሳኔና ተከታዮቹን ጠቅሰው ፈቃዱ እንዳይቆጠር ተከራከሩ።

ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ምክንያቱ ሁለት ነበር። የ1980ው ሕግ ዳኞች ያበጁትን ደንብ ሽሮታል፤ ስለዚህ የቀድሞዎቹ ውሳኔዎች አይገዙም። ደግሞም አዲሱ መለኪያ የመክፈል አቅም ነው፤ ዋጋ ያለው ንብረት የያዘ ሰው፣ አበዳሪዎች ባይነኩበትም፣ ግብሩን ለመክፈል አቅም አለው። ከሕጉ ቃል አንጻር ውሳኔው ስሕተት አለበት ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ ትርጉሙን እንመልከት። ግብሩን ለመክፈል ሥራቸውን የሚሠሩበትን ፈቃድ መሸጥ ወይም ማስያዝ ሊኖርባቸው ነው። እነዚሁ ሰዎች ዕዳቸው በመክሰር ፍርድ ቤት ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ግን ሀብታቸው ምንም ያህል ይሁን ምን የተሰረዘው ሁሉ ከገቢ ይወጣላቸው ነበር። ሕጉ ከባንኩ ጋር በሰላም የተስማማውን ሰው፣ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰሩን ካሳወጀው ሰው ይልቅ ያከብድበታል።

በዚያው ዓመት፣ የባልና ሚስቱ ጉዳይ ከመወሰኑ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለዚሁ ክፍል 108 ሌላ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ጉዳዩ ግብራቸው በባለ አክሲዮኖች በኩል የሚከፈል አነስተኛ ኩባንያዎችን ይመለከታል። ጊትሊትዝ በተባለው በዚህ ክርክር፣ ዕዳው ከሀብቱ የበለጠበት ኩባንያ ዕዳ ሲሰረዝ፣ ግብር ያልተከፈለበት ያ ገቢ የባለ አክሲዮኖቹን የአክሲዮን መነሻ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል ተባለ፤ ከፍ ባለው ልክም ቀድሞ መጠቀም ያልቻሉበትን ኪሳራ ከሌላ ገቢያቸው ላይ መቀነስ ቻሉ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት ውሳኔ፣ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ የሕጉ ቃል ግልጽ ስለሆነ ጥቅሙ ቢበዛም ይሰጣቸው ተባለ።

ሁለቱም ፍርድ ቤቶች የሕጉን ቃል እንደተጻፈ አነበቡ። በአንደኛው ንባብ ባለ አክሲዮኖች ያልታሰበ ጥቅም አገኙ፤ በሁለተኛው ዓሣ አጥማጆቹ የቀድሞ ጥበቃቸውን አጡ። ኮንግረስ የመጀመሪያውን በ2002 መጋቢት በወጣ ሕግ አረመ። የሁለተኛውን ግን እንዳለ ተወው። ይህ ልዩነት ከተንኮል የመጣ ነው አልልም፤ ግምጃ ቤቱ ገንዘብ ሲያጣ የሚጮህለት መሥሪያ ቤት አለው፤ በየጓዳው ያለ ተበዳሪ ሲያጣ ግን የሚጮህለት እምብዛም ነው።

ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ሲገባ

እስከ 1990ዎቹ ድረስ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የኩባንያና የባለሙያ ጉዳይ ነበር። የለወጠው በ1993 የወጣ የማስታወቂያ ግዴታ ነው። ከዚያ ወዲህ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ የሰረዘ የገንዘብ ተቋም ለግብር መሥሪያ ቤቱና ለተበዳሪው ቅጽ 1099-ሲ የተባለ ሰነድ መላክ አለበት። ገቢነቱ የቆየ ሕግ ነበር፤ አሁን ግን የክሬዲት ካርድ ዕዳው የተሰረዘለት ሠራተኛም በደብዳቤ ይደርሰው ጀመር። ዕዳው ከሀብቱ ይበልጥ እንደነበር የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ነው፤ ስረዛው ከመፈጸሙ በፊት የነበረውን ሀብትና ዕዳ ዘርዝሮ ማቅረብ አለበት። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የጡረታ ቁጠባ ሒሳብም ይቆጠራል። ሆኖም የግብር ፍርድ ቤቱ በ2017፣ ባለቤቱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለውጠው የማይችለው፣ በየወሩ ብቻ የሚከፈል የጡረታ መብት አይቆጠርም ሲል ወስኗል። እዚህ ላይ «በእርግጥ ሊደረስበት የሚችለው ሀብት የቱ ነው?» የሚለው የ1940 ጥያቄ፣ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጥቷል።

ሕጉ በአሜሪካ ነዋሪ የሆነን ሁሉ ያለ ልዩነት ይመለከታል፤ በዚያ አገር ቤት የገዙ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ ለትምህርት የተበደሩ ኢትዮጵያውያንንም ጭምር። ቅጹ ሲደርሳቸው ግብሩ የማይቀር ይመስላቸው ይሆናል፤ ቅጽ 982 ግን ለእነርሱም ክፍት ነው።

የቤት ዋጋ ሲወድቅ ኮንግረስ አጠቃላዩ ደንብ እንደማይበቃ ተረዳ። በታኅሣሥ 2007 የወጣው ሕግ፣ ለመኖሪያ ቤት የተወሰደ ብድር ሲሰረዝ፣ ባለቤቱ ዕዳው ከሀብቱ ባይበልጥም እንኳ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ገቢ እንዳይሆን አደረገ። ይህ ጊዜያዊ ድንጋጌ ደጋግሞ ተራዘመ፤ በኋላም ጣሪያው ወደ 750,000 ዶላር ዝቅ ብሎ እስከ 2025 መጨረሻ እንዲቆይ ተደነገገ። በ2021 ደግሞ የተማሪ ብድር ስረዛ እስከዚሁ እስከ 2025 መጨረሻ ከፌዴራል ግብር ነጻ ተደረገ። ቀደም ሲል፣ በ1986፣ ለገበሬዎች የእርሻ ዕዳ የተለየ አንቀጽ ተጨምሮ ነበር። ገበሬው፣ ባለ ቤቱ፣ ተማሪው፣ እያንዳንዱ በተራው የራሱን በር አገኘ። እነዚህ በሮች መብዛታቸው ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፦ ዋናው በር በጠበበ ቁጥር ድምፃቸው የሚሰማ ሁሉ በግድግዳው ላይ የየራሳቸውን መስኮት ያስከፍታሉ። ጊዜያዊው መስኮት ሲዘጋ ግን ተበዳሪው ተመልሶ የሚቆመው በዋናው በር ፊት ነው።

ማጠቃለያ

የሆምዝ አባባል እንደ ንድፈ ሐሳብ ደካማ ጎን አለው፤ የተበደረውን በልቶ የጨረሰ ሰው ለምን ከግብር እንደሚድን በቂ ማብራሪያ አይሰጥም። የ1980ው ሕግ እውነተኛውን ምክንያት በስሙ ጠርቶታል፤ መክፈል ላልቻለ ሰው ፋታ መስጠት ነው። በዚህ ረገድ ሕጉ ከዳኞቹ የበለጠ ሐቀኛ ነው። ነገር ግን ምክንያቱን ሲያስተካክል መለኪያውን አበላሸው። ዳኞቹ ሳያስቡት ሰውየው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ከሒሳቡ ውጪ ያደርጉ ነበር። አዲሱ ሕግ ሆን ብሎ ምሕረትን አስቦ፣ ሚዛኑ ላይ ግን ሁሉንም አስቀመጠ፤ የእንጀራ መሥሪያውን ጭምር።

ለዚህ አቋሜ የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ከአበዳሪ የተጠበቀ ሀብት ሁሉ ካልተቆጠረ፣ ብዙ ሚሊዮን በጡረታ ሒሳብ ያስቀመጠ ሰው ዕዳውን አሰርዞ ያለ ግብር ሊሄድ ይችላል። ይህ እውነት ነው። መልሱ ግን ሁሉንም መቁጠር ወይም ሁሉንም መተው አይደለም። የመክሰር ሕጉ ራሱ የሥራ መሣሪያንና መኖሪያን በመጠን ለይቶ ያስቀራል፤ የግብር ሕጉም ከዚያ መለኪያ ሊበደር ይችላል። እንዲህ ቢሆን በፍርድ ቤት የተማረውና በስምምነት የተማረው ሰው በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ነበር።

ለተማሪዎች የምተወው ሐሳብ ከግብር ሕግ ሰፋ ይላል። አንድ ሕግ ዓላማው ሲለወጥ ቃላቱ ብዙ ጊዜ ባሉበት ይቀራሉ። «ሀብት» የሚለው ቃል በ1934፣ በ1980 እና በ2001 በፊደሉ አንድ ነው፤ የሚያድነውና የሚጥለው ሰው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም ትርጓሜ ስታነቡ፣ በዚህ ትርጓሜ ትናንት ማን ይገባ ነበር፣ ዛሬስ ማን ውጪ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። የሕግ ታሪክ ጥቅሙ ከምንም በላይ ይህን ጥያቄ ማስለመዱ ነው።